የሚኒባሳችን ሽታ ከየት መጣ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በንብረት ያዡ የተደረገ ንግግር)





ባለፈው ዓመት እንዲሁ ተሰብስበን ሳለ አንድ አባል እጃቸውን አውጥተው፥ «የሚኒባሷ ሽታ ጠፍቷል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ምን እንደ ነበረ፥ ገንዘባችንስ በምን ላይ እንደ ወጣ ማንም አልነገረንም» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮሚቴውም ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የያዝኩት እኔ በመሆኔ በዘንድሮው ጉባኤ ላይ አንድ በአንድ እንዳስረዳ ወሰነ። እነሆ ቀርቤአለሁ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ሳስገባና ሳስወጣ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እዚህ የምናገረው ከመካኒኩ አፍ የሰማሁትን፥ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ የልጅ ልጄ እያነበበች የተረጎመችልኝን፥ እንዲሁም በዓይኔ ያየሁትን ነው። በመካከሉ ጥፋት አለበት። ጥፋቱም የእኔ ነው፤ አልደብቀውም።

እንደምታስታውሱት ሚኒባሷን በመዋጮ የገዛናት በ2011 ዓ.ም. ነው። ያገለገለች ናት፤ ቤንዚን ነው የምትጠጣው፤ ሞተሯም ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ይህን የሞተሩን ነገር ያዙልኝ፥ ኋላ እመለስበታለሁ። ስንገዛት «ኤሲ ያላት ትሁን» ያልነው ለቅንጦት አልነበረም። የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ የሚያውቅ ሰው፥ በዕድሜ የገፉ እናቶችን በዚያ ሐሩር በተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦ ወደ ቀብር መውሰድ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ከለቀስተኛ ይልቅ አስታማሚ ይበዛል።

አራት ዓመት ያህል ደኅና አገለገለችን። በ2015 ዓ.ም. በየካቲት ወር ግን ኤሲው ሲበራ አንድ ሽታ ብቅ አለ። እንደ ረጠበ ካልሲ፥ ወይም መሶብ ውስጥ ተረስቶ እንደ ሻገተ እንጀራ ያለ ሽታ ነው። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ አጉረመረሙ። ከዚያ ነጠላ ወደ አፍንጫ ሄደ። በመጨረሻ ደግሞ አንድ ወሬ ተነሣ፤ «ሬሳ ስለምትጭን ነው፤ የሙታን ሽታ ገብቶባታል» ተባለ።

ወሬው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዕድር ማለት በሐዘን ቀን ሰው አብሮ የሚሄድበት ነገር ነው። በዕድሩ መኪና አልሳፈርም ያለ ሰው ከቀብር መቅረት ጀመረ። አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው፥ «ልጄ፥ ወደዚያ ሽታ ውስጥ አልገባም፤ ተራዬ ሲደርስ እገባበት የለ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እሳቸው በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ሄዱ።

እንግዲህ ንብረት ያዡ እኔ ነኝና መፍትሔ ፈለግሁ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? በመጀመሪያ ዕጣን አጨስኩባት። በሩን ዘግቼ፥ ከሰሉን በገል አድርጌ፥ እንደ ቤት አጠንኳት። ለሁለት ቀን ማለፊያ ሆነች፤ በሦስተኛው ቀን ሻጋታውም ዕጣኑም ባንድነት ሸተቱ። ቀጥሎ በመስተዋቱ ላይ የሚንጠለጠለውን የካርቶን ሽቶ ገዛሁ። አንዱ ሲደክም ሌላ እጨምራለሁ። በኋላ ደረሰኞቼን ብቆጥር ከየካቲት እስከ ግንቦት አሥራ አንድ ካርቶን ገዝቻለሁ። በአሥራ አንድ ካርቶን ገንዘብ ማጣሪያውን መለወጥ ይቻል ነበር። ያን ጊዜ ግን ማጣሪያ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም።

ጋራዥም ወስጄአታለሁ። የጋራዡን ስም ማንሣት አያስፈልግም። «ጋዝ ጎድሎባታል» ብለው ጋዝ ሞሉ፤ ከፈልን። ሽታው እንዳለ ተመለሰ። ቅዝቃዜዋማ ድሮም ደኅና ነበር። ዛሬ ስገምት በአምፖል መጥፋት የተነሣ ቆጣሪ እንደ መለወጥ ያለ ሥራ ነው የተሠራልን። በኤሲ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ራሱ ይህን ያህል የሚሸት ነገር አይደለም። ደግሞም በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚመላለሰው። ኤሲያችሁ እየቀዘቀዘ ከሸተተ «ጋዝ እንሙላ» ለሚላችሁ ቶሎ ገንዘብ አትቁጠሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. አንድ አባላችን አርፈው፥ ቀብራቸው በትውልድ ሀገራቸው በሐረር እንዲሆን ተናዘው ስለ ነበር በማለዳ ተነሣን። የኋላውን ወንበሮች አጥፈን ሣጥኑን አስገባን። ሣጥኑ ረጅም ነው፤ የኋላው በር አንድ ክንድ ያህል አልዘጋ አለ። ገመድ አምጥቼ ያሰርኩት እኔ ራሴ ነኝ። «ወደ ላይ የሚከፈት በር ነው፥ ሣጥኑም ታስሯል፥ ምን ይሆናል?» አልኩ። ከፊት ከሹፌሩ ጋር ዘጠኝ ሰው ሆነን ተቀመጥን። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋን። ኤሲውን አበራን። ሹፌሩም የውጭው ሙቀት እንዳይገባ ብሎ የውስጡን አየር መልሶ መላልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫነ።

ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ያለውን ዳገት የማያውቅ እዚህ የለም። ጠመዝማዛ ነው፤ ሞተሩ ያቃስታል። ግማሹ ላይ ስንደርስ ራሴን ወጋኝ። ማታ ለቅሶ ቤት ስላመሸሁ ነው አልኩ። ከጎኔ ያሉት ደግሞ እህል አልቀመሱም፤ «ልቤን አለኝ» አሉ። አንዷ አስመለሳት፤ ጠመዝማዛው ነው ተባለ። የሟች እኅት በሐዘን ደክማ እንቅልፍ ወሰዳት ብለን «ተዉአት፥ ትረፍ» ተባባልን። ለእያንዳንዱ ሕመም ምክንያት አላጣንለትም። ሐዘን፥ ጾም፥ ዳገት፥ እንቅልፍ ማጣት። በሌላ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ ሰው እንዴት ባንድ ጊዜ ታመመ ብለን እንጠይቅ ነበር። ለለቀስተኛ ግን መታመም እንደ ወግ ተቈጠረ።

ያተረፈን ሹፌሩ ነው። «ዓይኔ ብዥ አለብኝ፥ ልቁም» ብሎ ደንገጎ አናት ላይ ዳር ይዞ ቆመ። በሩን ከፍተን ወረድን። ደንገጎ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም ቀለል አለን። የሟች እኅት ግን ስትጠራ አትመልስም። በሌላ መኪና መንገድ ላይ ወዳለ የጤና ተቋም ወሰድናት። ያቺ ነርስ እግዜር ይስጣት፥ ገና ሳታያት የጠየቀችን ጥያቄ፥ «ከሰል የተቀጣጠለበት ቤት ውስጥ ነበራችሁ እንዴ?» የሚል ነበር። የለም፥ መኪና ውስጥ ነበርን አልን። «ሁላችሁም በአንድ መኪና? ስትወርዱ ተሻላችሁ?» አለች። አዎ። «እንግዲያው የመኪናው ጢስ ነው» ብላ ኦክስጅን አደረገችላት። እኅታችን ተርፋለች፤ ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጣለች። ሣጥኑ በሌላ መኪና ሄዶ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ተፈጸመ። የሟች ቤተ ሰብ በዚያ ቀን ስላሳዩን ትዕግሥት እስካሁን በአደባባይ ምስጋና አላቀረብኩም፤ አሁን አቀርባለሁ።

በማግስቱ ሹፌሩን ጠየቅሁት። «ጢስ አልሸተተህም?» ስለው፥ «ትንሽ ትንሽ ይሸተኝ ነበር፤ ግን ሽቶው ስለሚበረታ አላመንኩትም» አለኝ። ሦስት ካርቶን ነበር የተንጠለጠለው። ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ ጢሱ ጥቂት ልበል። ከሞተር ከሚወጣው ጢስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር አለ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የምናሸተው ጢስ ሌሎች ነገሮች ያሉበት ነው፤ ገዳዩ ከእነዚያ ጋር ተደብቆ ነው የሚገባው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር፥ ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከሁለት መቶ ጊዜ በበለጠ ኃይል አጥብቆ ይይዘዋል ይላሉ ሐኪሞች። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ መፍዘዝ፥ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ዋናው ማወቂያው ግን ነርሷ የጠየቀችው ነው፤ በአንድ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ባንድነት ይታመማል፥ ሲወርድም ይሻለዋል። እንዲህ ካያችሁ ወዲያው መኪናውን አቁሙ፥ ሞተር አጥፉ፥ ሰው ሁሉ ይውረድ፤ የደከመው ሰው ካለ «ተሻለኝ» ቢልም ወደ ሐኪም ይሂድ።

ከዚያ በኋላ ሚኒባሷን ወደ ሌላ መካኒክ ወሰድን። ወጣት ነው፤ ግን የሚጠይቅ ሰው ነው። የፊቱን ወንበር አንሥቶ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። ሞተሩ ከወንበር ሥር ነው ብዬአችኋለሁ። ጢሱ ከሞተር ወጥቶ ወደ ማርሚታው በሚወስደው ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ዙሪያው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ክዳኑን ዙሪያውን የሚገጥመው ጎማም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጢሱ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ በእግራችን ሥር ይገባል ማለት ነው። ይህ አንደኛው በር ነው። ሁለተኛውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መኪና ሲሄድ ከበስተኋላው አየሩ ይሳሳል፤ የኋላ በር ክፍት ከሆነ ከማርሚታው የወጣው ጢስ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። በዚያ ላይ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ተጭነናል፤ የገባው ጢስ መውጫ አላገኘም፥ ንጹሕ አየርም ከፊት አልገባም።

መካኒኩ አንድ ምልክት ነገረኝ፥ ለመኪና ባለቤቶች ሁሉ ይጠቅማል። ጧት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሣ ከሥሩ «ትክ ትክ ትክ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ሲሞቅ ከቀነሰ፥ የዚያ መጋጠሚያ ማፈሻ ሊሆን ይችላል። ሹፌራችን ያን ድምፅ ለወራት ሰምቶታል፤ የእርጅና ድምፅ መስሎት።

ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፤ ጎማውም ተለወጠ፤ የማርሚታው ቧንቧ እስከ ጫፉ ተመረመረ። ኮሚቴውም የኋላ በር ተከፍቶ ሣጥን እንዳይጫን ወሰነ። የማይገባ ሣጥን ሲያጋጥም ክፍት ጭነት መኪና እንከራያለን፤ ለቀስተኛው በሚኒባሷ ይሄዳል። በዚህ ላይ ያጉረመረሙ አባላት አሉ፤ ወጪው ይበዛል ብለው። ወጪው እውነት ይበዛል። እኔ ግን በዚህ አልደራደርም።

ሽቶዎቹን በሙሉ አውልቄ ጣልኩ። ያን ጊዜ ታዲያ ምን ሆነ? ያ የመጀመሪያው ሽታ፥ የሻገተ እንጀራው፥ እንዳለ ቁጭ ብሏል! ለመካኒኩ «አልዳነችም» አልኩት። «ጋሼ፥ መቼ መቼ ነው የሚሸተው?» አለኝ። «ሁልጊዜ» አልኩት። «ሁልጊዜ የሚሸት መኪና አይቼ አላውቅም፤ እስኪ ጽፈው ያምጡልኝ» አለ። እንግዲህ ጽፈህ አምጣ ከተባልኩ በሙያዬ ገባ ማለት ነው። ደብተር ገዝቼ አሰመርኩት። ቀን፥ ሰዓት፥ መኪናዋ ስንት ሰዓት ቆማ እንደ ነበር፥ ኤሲው በርቶ ወይስ ጠፍቶ፥ የውጭ አየር ወይስ የውስጥ፥ ሽታው ምን እንደሚመስል፥ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሹፌሩ ይነግረኛል፥ እኔ እጽፋለሁ።

ደብተሩ ያሳየን ነገር እኔን ራሴን አስገረመኝ። ሽታው የሚመጣው ጧት፥ ኤሲው በበራ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ነው። ከዚያ ይለዝባል፤ አፍንጫም ይለምደዋል። በውጭ አየርም በውስጥ አየርም ያው ነው፤ ስለዚህ ከመንገድ የሚገባ አይደለም፥ እዚያው ውስጥ ነው ያለው። ደግሞ ከሐረር በተመለሰች ማግስት ይብሳል፤ ወደ ሐረር በምትሄድበት ጊዜ ግን ሐረር ስትደርስ ምንም ሽታ የለም። አንድ መንገድ፥ አንድ መኪና፥ አንድ ሹፌር፤ ሲሄድ አይሸትም፥ ሲመለስ ይሸታል። ለምን?

ይህን ለመረዳት ኤሲ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በቺንጋ የሚዞር ኮምፕሬሰር አለ፤ ጋዙን ያምቀዋል። የታመቀው ጋዝ ይሞቃል፤ ከፊት ነፋስ በሚያገኘው ራዲያተር መሳይ ነገር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ይጥልና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከክሩስኮቱ በስተኋላ ወደ ተቀበረው ሁለተኛ ራዲያተር ይገባል። ይህን ኢቫፖሬተር ይሉታል። እዚያ ሲደርስ ይሰፋል፥ ይተንናል፤ ሲተንንም ሙቀት ይወስዳል። ማራገቢያው አየሩን በዚያ በቀዘቀዘው ላይ ያነፍሰዋል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው እሱ ነው። አሁን ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ አስቡ። ወዲያው ያልበዋል። ያም ኢቫፖሬተር እንዲሁ ያልበዋል። ላቡ በቀጭን ጎማ ወርዶ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። በመንገድ ላይ «ወንድሜ፥ መኪናህ ውሃ ያፈሳል!» የሚሏችሁ ይሄንን አይተው ነው። ንጹሕ ውሃ ከሆነ አትደንግጡ፤ እንዲያውም በሙቀት ቀን ኤሲ እየሠራ ምንም ካልተንጠባጠበ ነው መጠርጠር።

በነገራችን ላይ ይህ ማሽን መጀመሪያ የተሠራው ለሰው አልነበረም። ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 ያወጣው ዕቅድ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነበር፤ በአየሩ እርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እያበጠና እየጠበበ ቀለም በቀለም ላይ አልገጥም ብሏቸው ነው። ዕድሜዬን በወረቀት መካከል ስለ ጨረስኩ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ወደ መኪና የገባው ቆይቶ ነው፤ ፓካርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 አወጣው። ለዚያኛው ማጥፊያ ቁልፍ አልነበረውም፤ ማጥፋት የፈለገ ሰው ወርዶ፥ ኮፈኑን ከፍቶ፥ ቺንጋውን ያወልቃል።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ኢቫፖሬተሩ እርጥብ ነው፤ ያለበትም ጨለማ ነው፤ የድሬዳዋ አቧራ ደግሞ ይለጠፍበታል። እርጥበት፥ ጨለማና አቧራ ባንድ ላይ ሲያድሩ ምን እንደሚያበቅሉ ዱቄት ያስቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ሻጋታና ተሕዋስያን ናቸው። ሽታው የእነሱ ነው እንጂ የሬሳ አይደለም። እናቶቼ፥ ይህን አደራ ለቀሩትም ንገሩልኝ።

የሐረር መንገዱም ምሥጢር እዚሁ ላይ ነው። ወደ ላይ ስንወጣ ደንገጎ ላይ ብርድ ስለሚሆን ሹፌሩ ኤሲውን ያጠፋዋል፤ ማራገቢያው ግን ይሠራል። ከዚያ እስከ ሐረር ባለው መንገድ ኢቫፖሬተሩ በነፋስ ይደርቃል። ስንመለስ ግን ከደንገጎ ወደ ቆላው ስንወርድ ኤሲ ይበራል፤ እስከ ዕድሩ ግቢ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ ሞተር ይጠፋል፥ በር ይዘጋል። ማሽኑ ላቡን እንደ ያዘ ያድራል። በማግስቱ ይሸታል። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀለውና ገንዘብ የማይጠይቀው መድኃኒት ይህ ነው፤ ከመድረሳችሁ አምስት ደቂቃ ያህል በፊት የኤሲውን ቁልፍ አጥፉ፥ ማራገቢያውን በውጭ አየር ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ትንሽ ይሞቃችኋል። ቻሉት።

የበቀለው ግን በዚህ ብቻ አይለቅም። መካኒኩ ያደረገውን ልንገራችሁ። ሊብሬ የምናስቀምጥበትን ኪስ አወለቀ። በብዙ መኪናዎች ላይ የአየር ማጣሪያው ከዚያ በስተኋላ ነው፤ በእኛዋም እንዲሁ። ሲያወጣው ነጭ መሆን የነበረበት ነገር እንደ ሰሌን ሆኗል። አቧራ፥ የደረቀ ቅጠል፥ የአይጥ ጎጆ የሚመስል ብጥስጣሽ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። ቅጠሉ የምን ቅጠል እንደ ሆነ አልናገርም፤ ሹፌሩ እዚህ አለ። በአዲስ ተለወጠ። መጽሐፉ ማጣሪያው በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ፥ አቧራ ባለበት ሀገር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይላል። እኛ በስድስት ወር እንለውጣለን።

ቀጥሎ የውሃ መውረጃውን ጎማ ከሥር ፈለገ። በጭቃ ተደፍኗል። ከሹፌሩ ጎን ያለውን ምንጣፍ ቢያነሣው ሥሩ ርሷል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው። እኛ ላቫጆ ሲያጥቧት የቀረ ውሃ ነው ስንል ነበር። መኪናችሁ ሲታጠፍ ከክሩስኮቱ ሥር ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰማችሁ ይኸው ነው። ጎማውን በአየር ነፋው፤ አንድ ጣሳ የሚሆን ጥቁር ውሃ ወረደ። ምንጣፉን አውጥተን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ፀሐይ በድሬዳዋ በነጻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ማጠቢያው የመጣው። ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ አረፋ አለ፤ ቀጭን ረጅም ቱቦ ያለው ነው። ማጣሪያው በነበረበት ቀዳዳ አስገብቶ ኢቫፖሬተሩ ላይ ነፋው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ተወው፤ አረፋው ቆሻሻውን ይዞ በመውረጃው ወረደ። ቀጥሎ በሮቹን ሁሉ ከፍቶ፥ ሜዳ ላይ፥ ማሞቂያውን በሙሉ ኃይል አሥር ደቂቃ አሠራው፤ እንዲደርቅ። ሜዳ ላይ ያልኩትን ልብ በሉ፤ ሞተር በተዘጋ መጋዘን ውስጥ አይሠራም። የኋላው ኤሲ ደግሞ የራሱ ኢቫፖሬተርና የራሱ መውረጃ አለው፤ እሱም እንዲሁ ታጠበ። የፊቱን ብቻ አጥቦ የሚለቅ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

የመካኒኩ ረዳት «በረኪና ብንረጭበትስ?» ብሎ ነበር። እኔም በልቤ ርካሽ ነው ብዬ ደግፌው ነበር። መካኒኩ ተቆጣ። በረኪና አሉሚኒየሙን ይበላል፤ ሽታውም ወደ ተሳፋሪው ሳንባ ነው የሚገባው። ዕጣኔንም ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ጢሱ በእርጥቡ ላይ እንደ ጥቀርሻ ይለጠፋል፥ አቧራውንም ይይዛል አለኝ።

መኪና ላላችሁ አባላት ሌሎቹንም ሽታዎች ባጭሩ ልጥቀስ። ጣፋጭ፥ እንደ ከረሜላ ያለ ሽታ ከሸተታችሁና የፊቱ መስተዋት ከውስጥ ቅባት ነገር ካወጣ፥ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ከማሞቂያው እያፈሰሰ ነው። መርዝ ነው፤ ጣፋጭ ስለ ሆነ ሕፃናትና እንስሳት ይቀምሱታልና የፈሰሰውን እጠቡት። የተቃጠለ ጎማ ከሆነ ቺንጋው ወይም ኮምፕሬሰሩ ነው፤ ኤሲውን አጥፍታችሁ አስመርምሩ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊሆን ይችላልና ቁሙ፥ ሞተር አጥፉ፥ ውረዱ። ቤንዚን ከሸተተም እንደዚሁ፤ ሲጋራ የያዘ ሰው እንዳይጠጋ። የገማ እንቁላል ሽታ አንዳንዴ ከማርሚታው ወገን ነው፥ አንዳንዴ ደግሞ ከልክ በላይ ቻርጅ ከሚደረግ ባትሪ ነው። እውነተኛ የበድን ሽታ ከሆነ ደግሞ አይጥ በአየር መግቢያው ገብታ ሞታለች፤ እሷን ከማውጣት በቀር ሌላ መፍትሔ የለውም።

የሽታው ደብተር አሁንም ከሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው። ዛሬ የሚሸት ነገር የለም ብዬ አላቆምኩትም። ሹፌሩ «ምንም» ብሎ ይጽፋል፤ እኔ በሳምንቱ መጨረሻ እፈርማለሁ። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ «ትንሽ ሻጋታ» ተጽፏል፤ መውረጃው ላይ ጭቃ ተገኘ፥ ተነፋ። በመስተዋቱ ላይ ሽቶ ማንጠልጠል ክልክል ነው። አባላት በደግነት ይዘው እየመጡ ያንጠለጥላሉ፤ ሹፌሩ ሲያወልቅ እንዳትቀየሙት፥ ትእዛዙ የእኔ ነው።

ያቺ ተራዬ ሲደርስ እገባበታለሁ ያሉኝ እናት ባለፈው ጥር ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሄዱ። መንገዱን ሁሉ አፍንጫቸውን ወደ አየሩ መውጫ አቅርበው ሲያሸቱ አየኋቸው። ሲወርዱ፥ «ምንም አይልም» አሉኝ።

ከጉባኤው በኋላ ሚኒባሷ በር ላይ ናት። መኪና ያላችሁ አባላት ማጣሪያው እንዴት እንደሚወልቅ ማየት ከፈለጋችሁ ሹፌሩ ያሳያችኋል፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የወጪውን ደረሰኝና ደብተሩንም ይዤ መጥቻለሁ፤ ለማየት የሚፈልግ ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል።